ስፌቱ የጠፋ ቅጥያ፦ የምስልን ዳራ የማስፋት ታሪክ

ምስል የተሠራበት ቅርጽና የሚቀመጥበት ቦታ ቅርጽ ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። በቁም የተነሳ የሙሽራ ፎቶ ለአግድም ባነር ይፈለጋል፤ በአግድም የተነሳ የገበያ ፎቶ ደግሞ የስልኩን ስክሪን ከላይ እስከ ታች ካልሞላ አይወደድም። ያን ጊዜ ኤዲተሩ ያለው ምርጫ ሦስት ነው፤ ምስሉን መከርከም፣ ግራና ቀኙን ባዶ መተው፣ ወይም ካሜራው ያላነሳውን ዳራ ራሱ መጨመር። ሦስተኛው ዛሬ በፎቶሾፕ የሰከንዶች ሥራ ስለሆነ ብዙ ሰው ኮምፒውተር የወለደው ብልሃት ይመስለዋል። ታሪኩ ግን ሌላ ይናገራል። ዳራ ማስፋት ከፎቶግራፍ ራሱ ይቀድማል፤ ሰዎች ወደዚህ ሥራ የሚገቡበት ምክንያትም ላለፉት ሦስት መቶ ዓመታት ያው ቦታን የመሙላት ፍላጎት ነው። የተለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቅጥያው የሚመጣበት ምንጭና የስፌቱ መታየት። ቀድሞ ቅጥያ ብዙ ድካም ይጠይቅ ስለነበር ድካሙ ራሱ ምልክት ይተው ነበር። አሁን ድካሙ ቀርቷል፤ ምልክቱም አብሮ ጠፍቷል። ስለዚህ ድካም ሳያስበው ይሰጥ የነበረውን ጥበቃ ዛሬ ሠሪው አስቦበት መስጠት አለበት እላለሁ። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሸራ እንነሳ። በማድሪድ ፕራዶ ሙዚየም የሚገኘው የዲዬጎ ቬላስኬዝ «ፈታዮቹ» በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ የተሠራ ነው። ከፊት ሴቶች ይፈትላሉ፤ ከኋላቸው በደማቅ ብርሃን የተሞላ ሌላ ክፍል ይታያል። ሠዓሊው በ1660 ከሞተ በኋላ፣ በ18ኛው መቶ ዘመን፣ ሌላ እጅ በሸራው ዙሪያ ቅጥያ ጨመረበት። ትልቁ ቅጥያ ከላይ ያለው ሲሆን ወደ ግማሽ ሜትር ይደርሳል፤ ቅስት ጣሪያና ክብ መስኮትም ተሥሎበታል። ቅጥያው ማንንም ከሥዕሉ አላወጣም፤ ማንንም አላስገባም። ያም ሆኖ ሥዕሉን ለውጦታል። ክፍሉ ከፍ ብሎ ጠለቀ፤ ተመልካቹ አጠገባቸው ሆኖ ያያቸው የነበሩት ሴቶች ወደ ኋላ ሸሽተው አነሱ። ለረጅም ጊዜ ሕዝቡ የሚያውቀው «ፈታዮቹ» ይህ የሰፋው ነበር። ዛሬ ሙዚየሙ ቅጥያውን ሳይቆርጥ በክፈፍ ሸፍኖ ቬላስኬዝ የሣለውን ብቻ ያሳያል። እንዲህ ማድረግ የተቻለው ስፌቱ ስለተገኘ ነው። የጨመረው ሰው ሌላ ጨርቅ፣ ሌላ ቀለም፣ ሌላ እጅ ነበረው፤ ቀርቦ ለሚመረምር ባለሙያ ድንበሩ አልጠፋም።

ፎቶግራፍ ሲመጣ ችግሩ ከክፈፍ አልፎ ወደ ኬሚካሉ ገባ። በ1850ዎቹ ይሠራበት የነበረው የኮሎዲዮን ፕሌት ለሰማያዊ ብርሃን ከልክ በላይ ስሱ ነበር። ባሕሩና መሬቱ በደንብ እስኪወጡ ከተጠበቀ ሰማዩ ነጭ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ ለሰማዩ ከተመጠነ ደግሞ ከታች ያለው ጨለማ ይሆናል። ፈረንሳዊው ጉስታቭ ለ ግሬ በ1856 እና በ1857 ባነሳቸው የባሕር ፎቶዎች መፍትሔ ያደረገው ሁለት ኔጋቲቭ ማንሳትን ነው፤ አንዱ ለባሕሩ፣ አንዱ ለደመናው። ሁለቱን በአንድ ወረቀት ላይ ሲያትም ስፌቱን ባሕርና ሰማይ የሚገናኙበት መስመር ላይ ይደብቀዋል። አንዱ ደመና ከአንድ በላይ ፎቶ ውስጥ መገኘቱ ግን አሠራሩን ይገልጠዋል። በእንግሊዝ ኦስካር ሬይላንደር በ1857 ከሠላሳ በላይ ኔጋቲቮችን ወደ አንድ ሰፊ ትዕይንት አገጣጠመ፤ ሄንሪ ፒች ሮቢንሰን ደግሞ በ1858 ቤተሰቧ ተሰብስቦ የምትሞት ልጃገረድን ከአምስት ኔጋቲቭ ሠራ። ሁለቱም ሥራዎች ብርቱ ክርክር አስነሱ። ሆኖም ያ ዘመን አንድ መጽናኛ ነበረው። የለ ግሬ ሰማይ፣ ከዚያ ባሕር በላይ ባይሆንም፣ አንድ ቀን በአንድ ቦታ በእርግጥ የታየ ሰማይ ነው። ቅጥያው ከሌላ ምስክር የተወሰደ ቃል እንጂ ከባዶ የተፈጠረ አልነበረም።

ሲኒማ ይህንኑ ሥራ ሙያ አደረገው። አሜሪካዊው ኖርማን ዶውን በ1907 የካሊፎርኒያን የድሮ ሚሲዮን ሕንፃዎች ሲቀርጽ ብዙዎቹ ፈራርሰው ነበር። ካሜራው ፊት መስታወት አቁሞ የጎደለውን ጣሪያና ቅስት በመስታወቱ ላይ ሣለ፤ በሌንሱ በኩል ሲታይ የተሣለው ከቆመው ግድግዳ ጋር ገጠመ። ከዚያ በኋላ ሆሊዉድ ለአሥርት ዓመታት ሙሉ ከተማ፣ ተራራና ቤተ መንግሥት ሳይገነባ በመስታወት ላይ እያሣለ ኖሯል፤ በ1939 የወጣው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ብዙ ጣሪያዎቹና የሩቅ ዕይታዎቹ የተሣሉ ናቸው። በፎቶ ስቱዲዮም ነገሩ ተመሳሳይ ነበር። አዲስ አበባን ጨምሮ በብዙ ከተሞች ደንበኛው አምድና የአትክልት ቦታ በተሣለበት መጋረጃ ፊት ይቆም ነበር። በነዚህ ሁሉ ማንም ተታለለ አይባልም። ፊልም ተመልካች ልብ ወለድ ሊያይ ከፍሎ ገብቷል፤ የስቱዲዮ ደንበኛም መጋረጃውን በእጁ ሊነካው ይችላል። ስለዚህ ዳራ መጨመር በራሱ ውሸት ነው የሚል ሰው ታሪኩን አላየም። ጥያቄው ምስሉ ለተመልካቹ የገባው ቃል ምንድን ነው የሚለው ነው።

ቃሉ ሲፈርስ ምን እንደሚመስል በ1982 ታየ። «ናሽናል ጂኦግራፊክ» በዚያ ዓመት የካቲት እትሙ ሽፋን ላይ ጎርደን ጋሃን ያነሳውን የጊዛ ፒራሚዶች ፎቶ አወጣ፤ ከፊት በግመል የሚጓዙ ሰዎች አሉ። ፎቶው አግድም ነበር፤ የመጽሔቱ ሽፋን ደግሞ ቁም ነው። ሠራተኞቹ በዘመኑ አዲስ በነበረው ሳይቴክስ በተባለው ዲጂታል መሣሪያ አንዱን ፒራሚድ ወደ ሌላው አስጠጉት። ይህ ማጥበብ እንጂ ማስፋት አይደለም፤ የሥራው ሥረ መሠረት ግን አንድ ነው፤ ክፈፉ ስላልገጠመ መልክዓ ምድሩ ተስተካከለ። አዘጋጁ ያቀረበው መከላከያ፣ ፎቶ አንሺው ትንሽ ቦታ ለውጦ ቢሆን ያን ዕይታ ያገኘው ነበር የሚል ነበር። መከላከያው ብልህ ቢሆንም አላዳነውም፤ መጽሔቱም ውሎ አድሮ ድርጊቱን እንደ ስህተት ቆጠረው። ያስቆጣው የፒራሚዱ መጠጋት ብቻ አልነበረም። ፒራሚድ ከቦታው እንደማይነቃነቅ ሁሉም ስለሚያውቅ፣ የሚያውቀው ነገር ሲነቃነቅ አንባቢው የማያውቃቸውን ፎቶዎች ሁሉ መጠራጠር ጀመረ። እንዲህ ያለ መሣሪያ በ1982 የጥቂት ትልልቅ ድርጅቶች ንብረት ስለነበር ጉዳዩ የጥቂት አዘጋጆች የሥነ ምግባር ፈተና ሆኖ ቀረ።

ከስምንት ዓመት በኋላ ፈተናው ወደ እያንዳንዱ ጠረጴዛ ወረደ። በ1987 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ቶማስ ኖል የጀመረውና ከወንድሙ ከጆን ጋር ያሳደገው ፕሮግራም በየካቲት 1990 በአዶቤ በኩል ፎቶሾፕ ተብሎ ወጣ። ጆን በዚያን ጊዜ የፊልም ምትሃት በሚሠራው ኢንዱስትሪያል ላይት ኤንድ ማጂክ ይሠራ ነበር። የመስታወቱ ሥዕልና ሶፍትዌሩ በዚህ መንገድ ተዛምደዋል። ከዚያ ወዲህ ለሃያ ዓመታት ያህል ዳራ ማስፋት የእጅ ሥራ ሆኖ ቆየ። የሙሽራዋን ፎቶ ወደ ግራ ማስፋት የፈለገ ኤዲተር መጀመሪያ ካንቫሱን ያሰፋል፤ ነጭ ባዶ ቦታ ይወጣል። ከፎቶው ጠርዝ የግድግዳውን ቀጭን ቁራጭ መርጦ ወደ ጎን እየጎተተ ይለጥጠዋል። ልሙጥ ግድግዳ ይህን ይችላል። መጋረጃ ካለ ግን እጥፋቱ ይወፍራል፤ የወለሉ ንጣፍ ካሬው ሬክታንግል ይሆናል፤ ጥላው ያለ ባለቤቱ ይረዝማል። ያን ጊዜ ክሎን ስታምፕ ይነሳል፤ አልት ተጭኖ ከአንድ ቦታ ናሙና ወስዶ በሌላው ላይ መቀባት። ይህም ያጋልጣል፤ በግድግዳው ላይ ያለች አንዲት እድፍ ሁለት ቦታ ትታያለች፤ አንድ ቅርንጫፍ በእኩል ርቀት ሦስቴ ይደገማል። እንደ ለ ግሬ ደመና፣ መደጋገሙ ለሠለጠነ ዓይን ስፌት ነበር።

የሚቀጥለው ምዕራፍ ያን መደጋገም የማጥፋት ታሪክ ነው። በ1999 አሌክሴይ ኤፍሮስና ቶማስ ሌንግ ቀላል ግን ትልቅ ሐሳብ አቀረቡ፤ ባዶውን ቦታ በአንድ ጊዜ አንድ ፒክሰል እየሞሉ፣ በእያንዳንዱ ደረጃ የፒክሰሏን ዙሪያ የሚመስል ቦታ ከምስሉ ውስጥ ፈልጎ ከዚያ መውሰድ። በ2000 ማርሴሎ በርታልሚዮና ባልደረቦቹ የጎደለን የምስል ክፍል የሚሞላ ዘዴ ሲያወጡ የተነሱት የሙዚየም ጠጋኞች የተጎዳ ሥዕልን እንዴት እንደሚሞሉ ከመመልከት ነው። በ2007 ሻይ አቪዳንና አሪኤል ሻሚር ምስሉን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጥና እምብዛም ነገር የሌለበትን ጠመዝማዛ መስመር ፈልጎ፣ መስመሩን በማውጣት የሚያጠብብ ወይም በመድገም የሚያሰፋ ስልት አሳዩ፤ ሰውየው ሳይለጠጥ በዙሪያው ያለው ሜዳ ብቻ ይሰፋል። በ2008 በፎቶሾፕ ውስጥ ተመሳሳይ ችሎታ ገባ። በ2010 ደግሞ የሚመሳሰሉ ቁራጮችን በከፍተኛ ፍጥነት በሚያገኘው የፓችማች ዘዴ የታገዘው ኮንተንት አዌር ፊል መጣ። በነዚህ ሁሉ ግን አንድ ወሰን ነበር፤ ቅጥያው የሚቀዳው ከዚያው ፎቶ ውስጥ ነው። ግድግዳው በራሱ ግድግዳ፣ ሣሩ በራሱ ሣር ይረዝማል። ፎቶው ውስጥ በር ከሌለ ፕሮግራሙ በር አያመጣም።

ወሰኑ የፈረሰው ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ነው። በነሐሴ 2022 ኦፕን ኤ አይ ዳል-ኢ በተባለው ሥርዓቱ ምስልን ከክፈፉ ውጭ የማስቀጠል አገልግሎት አወጣ፤ በ2023 አዶቤ መጀመሪያ ጀነሬቲቭ ፊልን፣ ቀጥሎም ዳራን በቀጥታ የሚያሰፋውን ጀነሬቲቭ ኤክስፓንድን ወደ ፎቶሾፕ አስገባ። አሁን ክሮፕ መሣሪያውን ወደ ውጭ መሳብ ይበቃል። የሚመጣው ዳራ ከፎቶው የተቀዳ አይደለም፤ ሥርዓቱ ከተማረባቸው እጅግ ብዙ ምስሎች በመነሳት እዚህ ቦታ ላይ ምን ቢኖር ይመስላል ብሎ ያወጣው ነው። የታሪኩ እውነተኛ መታጠፊያ ይህ ይመስለኛል። የቬላስኬዝን ሸራ የቀጠለው ሰው ከራሱ ሐሳብ አመጣ፤ ለ ግሬ ከሌላ እውነተኛ ሰማይ፤ ኮንተንት አዌር ፊል ከዚያው ፎቶ። አዲሱ ግን ከተለመደው ያመጣል። የተለመደው ደግሞ የነበረው ማለት አይደለም። በደሴ ወይም በጅማ አንድ ቤት ደጃፍ በ1960ዎቹ የተነሳን የቤተሰብ ፎቶ ሲያሰፋ፣ ጎን ላይ የሚቆመውን መስኮት፣ አጥርና ዛፍ የሚወስነው በትምህርቱ ክምችት ውስጥ የተደጋገመው ነው። በዚያ ክምችት ውስጥ ምስሉ በብዛት የማይገኝ አገር የሌላ አገር ግቢ የሚለጠፍበት ዕድል ሰፊ ነው፤ ስፌቱም ስለማይታይ የልጅ ልጆች ያንን አጥር የአያታቸው አጥር ብለው ይይዙታል።

እዚህ ላይ የሚነሳው የመጀመሪያ ተቃውሞ ዳራ ባዶ ቦታ ነው የሚል ነው፤ ትንሽ ግድግዳና ሰማይ መጨመር ማንን ይጎዳል? ብዙ ጊዜ ማንንም አይጎዳም፤ የልደት ካርድና የሱቅ ማስታወቂያ ላይ መጨቃጨቅም ከንቱ ነው። ነገር ግን ከባለ ፎቶው ፊት ይልቅ ዳራው ብዙ የሚናገርበት ጊዜ አለ። ፊቱን ቤተሰቡ ያውቀዋል፤ ፎቶው የት፣ መቼና በምን ዓይነት ሁኔታ እንደተነሳ የሚመሰክረው ከኋላ ያለው ታፔላ፣ የመንገዱ ስፋት፣ የመብራት ምሰሶው፣ የጥላው አቅጣጫ ነው። የአንድን ከተማ ታሪክ ከድሮ ፎቶ የሚያጠና ሰው የሚመለከተው ከተነሺው ይልቅ ከጀርባው ያለውን ነው። ተመልካቹ ደግሞ ዳራን በጥንቃቄ ስለማይመረምር ስህተት በቀላሉ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። «ፈታዮቹ» ላይ የተጨመረው ጣሪያም ባዶ ቦታ ነበር፤ የሥዕሉን ጥልቀት ግን ለወጠ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠለቅ ይላል። ፎቶ አንሺ ራሱ ከዓለም ቆርጦ ነው የሚያነሳው፤ ሌንስ መምረጥና መከርከም ዕውነትን ካላበላሹ ማስፋት ለምን ያበላሻል? መከርከም ሊያሳስት እንደሚችል አምናለሁ፤ የተቃዋሚዎችን ሰልፍ ቆርጦ የደጋፊውን ብቻ ማሳየት ይቻላል። ሁለቱ ግን እኩል አይደሉም። የከረከመ ሰው የሚያውቀውን ሳይናገር ቀርቷል፤ ያሰፋ ሰው ያላየውን ተናግሯል። በችሎትም ቢሆን ዝም ያለ ምስክርና በሐሰት የመሰከረ ምስክር በአንድ ዓይን አይታዩም። ከዚህም በላይ የተከረከመ ፎቶ በጠርዙ ይህ ከፊሉ ነው ይላል፤ ተመልካቹ ከክፈፉ ውጭ ሌላ ነገር እንዳለ ያውቃል። የሰፋ ፎቶ ጠርዝ ግን ያው ጠርዝ መስሎ የካሜራውን ሥልጣን ተበድሮ ይናገራል።

ሦስተኛው ተቃውሞ ተግባራዊ ነው፤ ምልክት ማድረግ የሥራውን ውበት ያበላሻል፣ መሣሪያውም ትንሹ ኤዲተር በትልቅ ስቱዲዮ ብቻ ይሠራ የነበረውን እንዲሠራ ያስቻለ በረከት ነው። በረከትነቱን አልክድም። ውበትንና መግለጽን አንድ ላይ ማስኬድ ግን እንደሚቻል የሥዕል ጠጋኞች ካሳዩ ቆይተዋል። በ1939 በሮም የተቋቋመው የጥገና ተቋም የመጀመሪያ ዳይሬክተር ቼዛሬ ብራንዲ ካስፋፋቸው ዘዴዎች አንዱ የጠፋውን ክፍል በቀጫጭን ቁም መስመሮች መሙላት ነው፤ ከርቀት ሥዕሉ ሙሉ ይመስላል፣ ለቀረበ ሰው ግን መስመሮቹ ይህ የእኛ ጭማሪ ነው ይላሉ። የ2000ዎቹ መሐንዲሶች ከጠጋኞች የሙያውን እጅ ሲወስዱ ይህን ሕግ አልወሰዱም፤ እንዲያውም ግባቸው ጭማሪው እንዳይታወቅ ማድረግ ነበር። ሕጉ በአዲሱ መሣሪያም ሊሠራ እንደሚችል በ2021 ታይቷል። ሬምብራንት በ1642 የሠራው «የሌሊት ዘብ» በ1715 ወደ አምስተርዳም ማዘጋጃ ቤት ሲዛወር ለግድግዳው ስለሰፋ ከአራቱም ጎን ተቆርጦ ነበር፤ ከግራው ብቻ 60 ሴንቲሜትር ያህል ሄዷል። ራይክስሙዚየም የጠፋውን በኮምፒውተር ሲያስቀጥል ከመቆረጡ በፊት ኸሪት ሉንደንስ የሠራውን ትንሽ ቅጂ መነሻ አደረገ፤ ቅጥያውን በተለየ ሰሌዳ ላይ አትሞ በሥዕሉ ዙሪያ ሰቀለው፤ ከሦስት ወር ገደማ በኋላም አወረደው። መነሻው ማስረጃ ነበር፣ ድንበሩ ተለይቷል፣ ዋናው አልተነካም።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ለማንኛውም ኤዲተር የሚከብድ አይደለም። ቅጥያውን በራሱ ሌየር ማስቀመጥ፣ ዋናውን ፋይል ሳይነኩ መያዝ፣ ለዜና፣ ለታሪክ ወይም ለመታሰቢያ በሚውል ፎቶ ሥር ግራና ቀኙ ተጨምሯል ብሎ አንድ መስመር መጻፍ ይበቃል። በ2021 የተቋቋመው ሲ-ቱ-ፒ-ኤ የተባለው ጥምረት የአርትዖት ታሪክን ከፋይሉ ጋር የሚያያይዝ መስፈርት አዘጋጅቷል፤ ይህ መረጃ ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሊወልቅ ስለሚችል ግን የጽሑፉን መስመር አይተካም። ቁምን አግድም የማድረግ ፍላጎት አይቆምም፤ ስክሪኑ ቅርጹን በለወጠ ቁጥር ይመለሳል። መከልከልም ከንቱ ነው፤ በሦስት መቶ ዓመት ውስጥ ያስቆመው የለም። የሚቻለው ነገር ማስጌጫ የሆነውን ምስል ከምስክር መለየትና ምስክር በሆነው ላይ የራስን ጭማሪ በስም መጥራት ነው። ይህን የማያደርግ ኤዲተር የዛሬን ባነር ቢሞላም፣ ነገ ያንን ፎቶ እንደ ማስረጃ ለሚያነሳው ሰው የሚያወርሰው ማንም አይቶት የማያውቅ ቦታ ነው።